ከቁልፎቹ ሥር የነበሩት ቁርጥራጮች

መሣሪያ ይዞ ወደ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። “ብዙም አልተነፋም፤ ዝም ብሎ ነው ድምፁ የጠፋው” ይለኛል። ስከፍተው ሞላው ተሰብሮ በፀጉር ላስቲክ ታስሯል፤ ቡሹ ወልቆ በማስቲካ ተተክቷል፤ ቆዳው ተበልቶ ፕላስተር ተለጥፎበታል። አንዱ ክላርኔቱን በሱፐር ግሉ አጣብቆ ያመጣልኝ ጊዜ በሩን ዘግቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። በዚህ ከተማ ሰው መሣሪያውን ወደ ባለሙያ የሚያመጣው ራሱ ገድሎ ከጨረሰው በኋላ ነው። እኔም ጠጋኝ ይሉኛል እንጂ ብዙውን ጊዜ ገናዥ ነኝ።

ሱቄ ሾላ ገበያ፣ ከእህል ተራው ጀርባ፣ ከበርበሬ ወፍጮ ጎን ናት። ወፍጮው ሲነሳ ቀይ ብናኝ በበሩ ሥር ይገባል። ደንበኛው መሣሪያውን ሊሞክር ትንፋሽ ሲስብ ያስነጥሰዋል። ጎረቤቶቼ “እንዴት ትችለዋለህ?” ይሉኛል። ለምጄዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ይመቸኛልም። ሰው እኔ ፊት ቆሞ ብዙ እንዲነፋ አልፈልግም። ራሴ መንፋት ካቆምኩ ወዲህ ሌላው ሲነፋ መስማት ያበሳጨኛል።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ፤ ይህ ካልገባው ያደረግኩትም አይገባውም። ሳክስፎን ቀዳዳ የበዛበት ቱቦ ነው። በየቀዳዳው ላይ ክዳን አለ፤ ቁልፍ እንለዋለን። ከቁልፉ ሆድ ሥር ክብ ቆዳ ተለጥፏል፤ እሱ ፓድ ይባላል። ፓዱ ቀዳዳውን አጥብቆ ካልዘጋ አየር ያመልጣል፤ ድምፁ ይንተፋተፋል፤ ሲብስም ጭራሽ እምቢ ይላል። ይህን ማንም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ቁልፉ ክፍት ሆኖ ሲቆም የሚሆነውን ነው። ፓዱ ከቀዳዳው በላይ የሚቆምበት ከፍታ ድምፁን ይገዛዋል። ዝቅ ብሎ ካጠላበት ድምፁ ይወርዳል፣ ይታፈናል። ከፍ ካለ ድምፁ ይወጣል፣ ይከፈታል። ከፍታውን የምትወስነው ከቁልፉ እግር ሥር የምትለጠፍ ትንሽ ቡሽ ናት። ያቺ ቡሽ የጥፍር ያህል ብትወፍር ወይም ብትሳሳ አንድ ድምፅ ከቦታው ይለቃል።

ቦታውን የምለካው በስልኬ ላይ በጫንኩት የድምፅ መለኪያ፣ በቱነር ነው። እነፋለሁ፤ መርፌው መሐል ላይ ሲቆም አረንጓዴ ይበራል። ከበራ ልክ ነው፤ ካልበራ ልክ አይደለም። ደንበኛ “እኔ ግን እንዲህ ይሰማኛል” ሲለኝ ስልኩን አዙሬ አሳየዋለሁ። ጭቅጭቅ አልወድም። አስታራቂ ሽማግሌ የማይፈልግ ሥራ በማግኘቴ ለዓመታት ኮርቻለሁ።

በወጣትነቴ ሳክስ ተጫዋች ነበርኩ። መገናኛ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ በሚጫወት ባንድ ሁለት ሳክስ ነበርን፤ እኔና ይህ ታሪክ የሚመለከተው ሰውዬ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ የትንፋሽ መሣሪያዎች አለቃም እሱ ነበር። አንድ ቀን ልምምድ ላይ እጁን አንሥቶ ሁሉንም አስቆመና ወደኔ ዞረ። “አንተ፣ ሳክስህ ደህና ነው። የሚሠራልህ ካገኘህ ጆሮህን አሠራው” አለኝ። ከበሮ መቺው ሳይቀር ሳቀ። ሳክሴን ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ነፍቼ አላውቅም። ጥገና የተማርኩትም ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየውን ጠላሁት። ጊዜ ያበርደዋል የሚሉት ነገር ውሸት ነው፤ የኔ ጥላቻ ከኔ ጋር እኩል አረጀ እንጂ አልበረደም።

ፊት ለፊት “እርስዎ” እለው ነበር። ለአክብሮት አልነበረም፤ አንተ መባባል የሚቀራረቡ ሰዎች ነገር ስለሆነ ነው። እዚህ ግን እሱ እያልኩ እጽፋለሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ምክንያቱ ኋላ ላይ ይመጣል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በሁዳዴ አጋማሽ፣ ሳክሱን በአረንጓዴ ሸራ ሣጥን ይዞ መጣ። በጾም ሠርግ የለም፤ ባንዶቹ ሥራ ይፈታሉ፤ ተጫዋቹ ሁሉ መሣሪያ የሚያሠራው ያኔ ነው። በከተማው ይህን ሥራ የምንሠራ በጣት የምንቆጠር ነን፤ እንደ እሱ ከፈረንሳይ ሰፈር ለሚመጣ ሰው ደግሞ የምቀርበው እኔ ነኝ። ወዶ እንዳልመጣ ከአቋቋሙ ያስታውቃል። አልተቀመጠም። ሣጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ አንዱን ቁልፍ በጣቱ ጠቆመኝ።

“ታችኛው ድምፅ ይንተፋተፋል። ይቺ ናት አየር የምታስወጣው። እሷን ብቻ አድርግልኝ። ሌላ አትንካ።”

“ሌላም ችግር ካለስ?” አልኩት።

“የለም። ሌላ አትንካ አልኩህ።”

ባለሙያን እንዲህ ማለት ስድብ ነው። ስልክ ቁጥሩን መዘገብኩ።

የሰውየው ወንበር እየተነቃነቀ መሆኑን ሰምቼ ነበር። ሙዚቀኛ ሱቄ መጥቶ ሐሜት ሳይተው አይሄድም። የባንዱ ባለቤት የሆነው ዘፋኝ አንድ ወጣት ሳክስ ተጫዋች አግኝቷል፤ ሽማግሌውን ለማሰናበት ግን አፍሯል፤ ምክንያት ነው የሚፈልገው። ለዳግም ትንሣኤ የተያዘ ትልቅ ሠርግ አለ። በዚያ ሠርግ ሰውየው ደህና ከተጫወተ ይቀጥላል፤ ካልተጫወተ ከባንዱ ይወጣል። ይህን ያጫወተኝ ልጅ ሲያወራ በኀዘኔታ ነበር። እኔ አላዘንኩም።

ሳክሱን ሳልነካው ሳምንታት አሳለፍኩ። ሲደውል “ነገ” እለዋለሁ፤ በነገውም “ነገ” እለዋለሁ። ሌላ የሚያጣድፍ ሥራ አልነበረብኝም፤ ሲደውል መስማት ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነበር። በስቅለት ማግስት ከፈትኩት። ቀጭን አምፖል ወደ ሆዱ አስገብቼ መጋረጃውን ጋረድኩና የጠቆመኝን ፓድ አየሁ። በጠርዙ ብርሃን ያስወጣል። ቆዳውን ቀየርኩት፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ሥራው እዚያ ላይ አልቆ ነበር።

ያኔ ነው ሰማያዊዎቹን ያየኋቸው። በሦስት ቁልፎች እግር ሥር፣ ቡሽ መኖር በነበረበት ቦታ፣ ከነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጡ ሦስት ቁርጥራጮች በማስቲሽ ተለጥፈዋል። ከሚገባው በላይ ወፍራም ስለሆኑ ሦስቱ ቁልፎች ከጓደኞቻቸው ዝቅ ብለው ነው የሚከፈቱት። አፌን አስገብቼ ነፋሁ፤ ስልኬን ተመለከትኩ። ሦስቱም ድምፆች ወርደዋል፤ ያውም ለሰሚ በሚያሳፍር ልክ። ብቻዬን ሳቅሁ። ጆሮህን አሠራ ያለኝ ሰው በተበላሸ ሳክስ ሠርግ ሲያሟሙቅ ኖሯል፤ ሳይሰማው ኖሯል።

ሌላ አትንካ ብሎኛል። ነካሁ። በካቻቢቴ ጫፍ ሦስቱንም ፈልቅቄ አውጥቼ ወለሉ ላይ ጣልኳቸው። ንጹሕ ቡሽ ቆርጬ በየቦታቸው ለጠፍኩ፤ በብርጭቆ ወረቀት አሳሳሁ፤ ነፋሁ፤ እንደገና አሳሳሁ። በሦስቱም ላይ አረንጓዴ በራ። በዚያ መሣሪያ ላይ የሠራሁትን ያህል ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ ለወዳጄም ሠርቼ አላውቅም። ጥንቃቄው የጥላቻ ነበር። ልክ የሆነውን ሳክስ ይዞ ቆሞ ለስንት ዓመት ልክ እንዳልነበረ እንዲገባው ነው የፈለግኩት።

የሠርጉ ቀን ጠዋት መጣ። ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ መኪና ከታች አስፋልቱ ላይ ይጠብቀዋል። ሣጥኑን ከፍቶ ሳክሱን ከላይ አየው፤ መነጽሩን አላደረገም።

“ሌላ የነካኸው አለ?”

“የነካሁት መነካት ያለበትን ነው” አልኩት።

አየኝ። ሊሞክረው ይችል ነበር፤ ግን እኔ ፊት እንደማይነፋ አውቃለሁ፤ እኔም እሱ ፊት አልነፋም። ከታች ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ሣጥኑን ዘግቶ ሄደ።

በማግስቱ ዘፋኙ ደወለልኝ። በመልክ አንተዋወቅም፤ ቁጥሬን ከማን እንዳገኘ አላውቅም።

“ወንድሜ፣ ያንን ሳክስ የሠራኸው አንተ ነህ አሉ።”

“ነኝ።”

“ትናንት ተዋረድን። ሌላው ሌላው ደህና ነበር። አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ስንገባ ሳክሱ ከኔ ሸሸ። እኔ እዚህ ነኝ፣ እሱ እዚያ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩን። ሊያስተካክል ይሞክራል፣ ይብስበታል። እና ልጠይቅህ የፈለግኩት፣ ሳክሱ ነው ወይስ ሰውየው?”

ይህችን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቃት የኖርኩ መሰለኝ።

“ሳክሱ እንከን የለውም” አልኩት። “አንድ በአንድ በቱነር ለክቼዋለሁ። ከሰውየው ነው።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

“በቃ፣ ይቺን ነበር የፈለግኩት። ተባረክ” ብሎ ዘጋው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን ስለ አፋፍ አላሰብኩም። ምሳዬን በደስታ በላሁ። ከወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጋር ቆሜ ተጫወትኩ፤ “ዛሬ ምን አግኝተህ ነው?” አለኝ። በሳምንቱ ሰውየው ከባንዱ መውጣቱን ሰማሁ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንዲት ሴት በሬ ላይ ቆመች። አርባዎቹን ያገባደደች፣ የሥራ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። የሰውየው ልጅ መሆኗን ከግንባሯ አወቅሁ።

“የአባቴን ሳክስ የሠሩት እርስዎ ነዎት?”

“ነኝ።”

“ከውስጡ ያወጧቸውን ቁርጥራጮች ይስጡኝ።”

“የትኞቹን?”

“ሰማያዊዎቹን።”

ሳቅሁ። “እህቴ፣ የነጠላ ጫማ ቁራጭ እኮ ነው። ከፈለግሽ እዚያ ማዶ ሙሉ ጫማው ይሸጣል።”

ፊቷ ተለወጠ፤ “እርስዎ” ያለችውም እዚያው ላይ ቀረ። “አባቴ አንድ ዓመት ሙሉ ነው የለፋባቸው። በምላጭ ይቀንሳል፣ ይነፋል፣ ደግሞ ይቀንሳል። ሲሳሳበት ጥሎ ከአዲስ ይጀምራል። የእናቴን ሁለት ጫማ ጨርሷል። አንተ በስንት ደቂቃ አወጣሃቸው?”

“ድምፁን አበላሽተውት ነበር። ያወጣኋቸው ልክ ስላልነበሩ ነው።”

“ጥርስህ ሙሉ ነው አይደል?” አለችኝ።

ወደ ኋላዋ ዞራ የሚሰማ ሰው መኖሩን አየች፤ ወደ ውስጥ ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የአባቷን የላይ ጥርስ በሙሉ ስኳር በሽታ እንደጨረሰውና ካለፈው ዓመት በፊት ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳስገባ ነገረችኝ። ከሚስቱና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። “አንተ ባለሙያ ነህ አሉ። ሳክስ የሚነፋ ሰው ድምፅ ሊያወርድ ሲል ምን ያደርጋል?”

“መንጋጋውን ያላላል።”

“እሱ መንጋጋውን ሲያላላ የላዩ ጥርስ አብሮ ይወርዳል። እንዳይወድቅበት ነክሶ መያዝ አለበት። ነክሶ ከያዘ ደግሞ ድምፁ አይወርድለትም።”

ለሙዚቀኛ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ለሌላው ግን ልጨምር። አንቺሆዬ ውስጥ በፒያኖ ላይ የሌሉ ድምፆች አሉ። ዘፋኙ በጉሮሮው፣ ማሲንቆ መቺው በጣቱ ያገኛቸዋል። ሳክስ ነፊው ደግሞ ትክክለኛውን ቁልፍ ይዞ መንጋጋውን ላላ ያደርግና ድምፁን ትንሽ ወደ ታች ይስበዋል። ሰውየው ይህን ማድረግ ተሳነው። ዘፋኙ ሁልጊዜ ከአንድ መነሻ ስለሚዘፍን የሚወርዱት ድምፆች የትኞቹ እንደሆኑ ሰውየው ያውቃል። ስለዚህ መንጋጋው የማይሠራውን ሥራ ለቁልፎቹ ሰጣቸው። ፓዶቹ ዝቅ ብለው እንዲቆሙ ከሥራቸው ሶል አደረገ፤ ጥርሱን ነክሶ ሲነፋ ድምፆቹ በራሳቸው ወርደው ዘፋኙ ዘንድ ይደርሳሉ። ሌላ ዘፈን ሲመጣ በሌላ የጣት አጣጣል ይሸሻቸዋል። ሙያ በልብ ነው እንዲሉ፣ ለማንም አልተናገረም። እኔ ደግሞ ማስቲካና ላስቲክ ሳይ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ሶል ሳይ ሌላ ቡትቶ መሰለኝ። ሌላ አትንካ ያለኝ ለዚህ ነበር።

ወለሉን አየሁት። በየቀኑ ነው የምጠርገው፤ ጥራጊዬም ከገበያው ቆሻሻ ጋር ነው የሚሄደው።

“የሉም” አልኳት።

“ገምቼ ነበር” ብላ ወጣች።

በሚቀጥለው እሑድ የጥገና ዕቃዎቼን በቦርሳ ይዤ ፈረንሳይ ድረስ በታክሲ ሄድኩ። ከዚያ በላይ በእግር ነው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር አቀበቱ ያንሸራትታል። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገዱን ይዘውታል፤ አንዷ “ወደ ዳር በል እንጂ፣ ሸክም የለብህ” ብላ ተቆጣችኝ። ከሾላ አዲስ ነጠላ ጫማ ገዝቼ ነበር። ቀለም ለድምፅ የሚጨምረው ነገር የለም፤ እንደዚያም ሆኖ ሰማያዊ ነው የገዛሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው እያልኩ ራሴን እየሰደብኩ ወጣሁ። እሱንም ሰደብኩት። አንድ ቃል ቢነግረኝ ኖሮ እላለሁ፤ ደግሞ ቢነግረኝ ኖሮ ለስንት ሰው አወራው እንደነበር አስባለሁ።

ቤቱ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ሥር፣ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ነው። ልጁ ከፈተችልኝ። እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። አልተነሣም፤ ተቀመጥም አላለኝም።

“ምን ቀረህ?” አለኝ።

“ልመልሳቸው ነው የመጣሁት።”

“ከፍታቸውን ታውቀዋለህ?”

“አላውቅም።”

“እና በምን ልትመልሳቸው ነው? በስልክህ?”

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ጫማውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩ። አየው። ከዚያ ልጁን “ሳክሱን አምጪው” አላት። ይቅር ብሎኝ እንዳልሆነ ግልጽ ነበር፤ ድምፆቹን ፈልጎ ነው።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሶሉን በምላጭ መሰንጠቅ ጀመርኩ። እለጥፋለሁ፣ ይነፋል፣ “ወፍራም” ይለኛል። አሳሳለሁ፣ ይነፋል፣ “ሳሳ” ይለኛል፤ ያን ጥዬ ሌላ እቆርጣለሁ። ከሁለቱ ቃላት ሌላ አልተናገረኝም። ሳላስበው ስልኬን አውጥቼ ቱነሩን ከፈትኩ። ቀይ በራ፤ መርፌው ወደ ግራ ተኝቷል።

“ዝጋው” አለኝ።

ዘጋሁት። ያኔ ነው ጉዴ የወጣው። ያለዚያ ስልክ አልሰማም። እሱ “ወፍራም” ብሎ እኔ አሳስቼ እሱ “ሳሳ” ሲል፣ ለኔ የኋለኛው ከፊተኛው ጋር አንድ ነው። ፊቱን አይቼ ለመገመት ሞከርኩ፤ ፊቱን ከለከለኝ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ልክ ነው አይደለም እያልኩ ስፈርድ የነበረው አረንጓዴ መብራት እያየሁ ነበር። የሰውየውን ችግር ሳይ ያዘንኩለት የሚመስለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል። ቀናሁበት። ጥርሱ ወልቆ የሚሰማውን እኔ በሙሉ ጥርሴ አልሰማሁትም።

ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ወደ ዛፎቹ አዘንብላ ነበር። አንድ ቁራጭ ለጠፍኩ፤ ነፋ። ደግሞ ነፋ። ወፍራምም ሳሳም አላለም። አንቺሆዬውን ከመነሻው ጀመረው፤ ሦስቱም ድምፆች እንደ ሰው ድምፅ ተቀባብለው ወረዱ። ልጁ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። አሁን ሰማሁት። ከዘፈኑ ውስጥ ሲመጣ ነው የሰማሁት፤ ለብቻው ሲለካማ አልሰማሁትም ነበር። እስኪጨርስ ምላጩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሳክሱን ጭኑ ላይ ሲያሳርፍ፣ “ነገ ዘፋኙ ዘንድ እሄዳለሁ” አልኩት። “ጥፋቱ የኔ ነው እለዋለሁ።”

“ምን ብለህ?”

“ቁርጥራጮቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ።”

“ለምን ገቡ ሲልህስ?”

ምላጩን ወረቀቱ ውስጥ መለስኩ።

“ጥርስ ስለሌለው ነው ልትለው ነው። ከዚያ ‘አይ ጋሼ’ እያሉ ከንፈር ይመጡልኛል፤ ጥግ ላይ ወንበር ይሰጡኛል፤ ሳወራ አፍ አፌን ያዩኛል። አልፈልግም። ጆሮው ጠፋ ይበሉኝ። ሽማግሌው ደነቆረ ይበሉኝ።” ሳክሱን ወደ ሣጥኑ መለሰው። “አንተ ሳክሱ እንከን የለውም ብለሃል። ሲጠይቁህም እሱኑ ትላለህ። ማልልኝ።”

“እውነት አይደለም እኮ።”

“ስትለው እውነት ነበር? ማልልኝ።”

ልጁን አየኋት። ፊቷን አዞረች። ማልኩለት።

“በል ውረድ፣ መንገዱ ያዳልጣል” አለኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ሰውየው ዛሬ በሕይወት የለም። ለቅሶው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ ልጁ አይታኝ መጣች። የሆነውን መጻፍ እንደምፈልግ ስነግራት፣ “ስሙን ተወው። ራስህንም እንዳታሳምር” አለችኝ። የቻልኩትን ያህል አላሳመርኩም። ዘፋኙ ይህን ካነበበ ራሱን ያውቃል፤ ይወቅ።

መሐላዬ የተፈተነው ግን ሰውየው ገና በሕይወት ሳለ፣ ያን አቀበት ከወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ዘፋኙ አዲሱን ሳክስ ተጫዋች አስከትሎ ሱቄ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ ሳክሱን በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ። ዘፋኙ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ለልጁ ያስተዋውቀኝ ጀመር።

“ይኸውልህ፣ በዚህ ከተማ እውነት የሚናገር ባለሙያ እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰውየውን ፈርቶ ይሸፋፍንለት ነበር። እስቲ ንገረው፣ የሽማግሌውን ሳክስ ስትከፍተው ምን አገኘህበት?”

ልጁ በአክብሮት ዓይን ዓይኔን ያያል። ወፍጮው ቆሟል፤ ሱቋ ጸጥ ብላለች። ሰውየው በዚያ ሰዓት ከዚያ አቀበት በላይ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይሆናል። የሠራነው ሳክስ በሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ለዚህ ዘፋኝ ጉሮሮ ልክክ ብሎ የተሠራ ሳክስ።

“ምንም” አልኩ። “ምንም አላገኘሁበትም።”

“ሰማህ?” አለው ዘፋኙ ልጁን።